ሁለቱም በታመሙ ጊዜ፦ የጂሚና የሮዛሊን ካርተር የመጨረሻ ዓመታት

ከባልና ሚስት አንዱ አልጋ ላይ ሲውል ሌላው ያስታምማል፤ ይህንን የማያውቅ ቤት የለም። ነገሩ የሚከብደው ዕድሜ በሁለቱም ላይ እኩል ሲጫን፣ አንደኛው ሌላውን ደግፎ ለማንሳት አቅም ሲያጣ፣ ማን አስታማሚ ማን ታማሚ እንደሆነ መለየት ሲያስቸግር ነው። ይህ የጉዳይ ጥናት እንዲህ ባለው ሁኔታ ውስጥ ያለፉ አንድ ባልና ሚስትን ይመለከታል፤ እነርሱም 39ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርና ባለቤታቸው ሮዛሊን ካርተር ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጉዳዩ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በፌብሩዋሪ 18 ቀን 2023 የ98 ዓመቱ ካርተር በተደጋጋሚ ለአጭር ጊዜ ሆስፒታል ከተኙ በኋላ ተጨማሪ ሕክምና ትተው ቀሪ ጊዜያቸውን በቤታቸው፣ ከቤተሰባቸው ጋር፣ በሆስፒስ፣ ማለትም ከማዳን ይልቅ ሕመምን በማስታገስ ላይ ባተኮረ እንክብካቤ፣ ለማሳለፍ መወሰናቸው ይፋ ሆነ። ሦስት ወር አልፎ በሜይ 30 ደግሞ የ95 ዓመቷ ሮዛሊን የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው ቤተሰቡ አስታወቀ። ለሞት ይበልጥ ቅርብ ናቸው ተብለው የሚጠበቁት ካርተር ነበሩ፤ ቀድመው ያረፉት ግን ኖቬምበር 19 ቀን 2023 በ96 ዓመታቸው ሮዛሊን ሆኑ። በትዳር የቆዩት 77 ዓመት ነው። ካርተር ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ወር ያህል ኖረው ዲሴምበር 29 ቀን 2024 በ100 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህንን ጉዳይ የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሕይወታቸው በአደባባይ ስለነበር የትዳራቸው ታሪክ፣ ጠቡም ጭምር፣ ራሳቸው በተናገሩት ቃል ተመዝግቦ ይገኛል፤ በመሆኑም የማንንም ቤት ምሥጢር ሳንገልጥ ልንመረምረው እንችላለን። ሁለተኛው፣ ሰዎቹ ለእኛ እንግዳ አይደሉም። በሴፕቴምበር 1989 የኢትዮጵያን መንግሥትና ሻዕቢያን አትላንታ ላይ ፊት ለፊት አቀራርበው ለማደራደር የሞከሩት ካርተር ነበሩ፤ ሁለቱ በ1982 ያቋቋሙት ካርተር ሴንተርም ጊኒ ዎርም የተባለውን የትል በሽታ ለማጥፋት በሚደረገው ዘመቻና በተለይ በአማራ ክልል በትራኮማ መከላከል ሥራው በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ ጭምር ይታወቃል።

ስለ እነዚህ ባልና ሚስት የተጻፈው አብዛኛው ነገር ፍቅራቸውን እንደ ተሰጥኦ፣ ከላይ እንደ ወረደ ጸጋ አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ የማነበው በሌላ መንገድ ነው። በስተርጅና ያየነው አብሮነት ከብዙ ቅሬታ በኋላ የተማሩት የሥራ ባልደረብነትና ከልጅነት ጀምሮ በሕመምተኛ አልጋ ዙሪያ የተገኘ ዕውቀት ውጤት ነው፤ በሁለቱም ላይ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ያቆማቸው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል።

ከአልጋው አጠገብ የጀመረ ትውውቅ

ፕሌይንስ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የምትገኝ፣ የሕዝቧ ቁጥር ከጥቂት መቶዎች የማይዘል የገበሬ ከተማ ናት። የካርተር እናት ሊሊያን ነርስ ነበሩ። በኦገስት 1927 ጎረቤታቸው የነበረችው የስሚዝ ቤተሰብ እመቤት ሴት ልጅ ስትገላገል የረዷት እርሳቸው ሲሆኑ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ልጃቸውን አዲስ የተወለደችውን ሕፃን እንዲያይ ይዘውት እንደ ሄዱ ቤተሰቡ ይናገራል። ሕፃኗ ሮዛሊን ነበሩ።

ለጉዳያችን ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው በ1940 የሆነው ነው። የሮዛሊን አባት መካኒክ ነበሩ፤ በደም ካንሰር ታመው ሲተኙ ሮዛሊን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ሊሊያን ካርተር እየተመላለሱ ያስታምሙ ነበር። አባት ሲያርፉ እናትየው ልብስ እየሰፉ፣ በኋላም ፖስታ ቤት ተቀጥረው አራት ልጆች ማሳደግ ጀመሩ፤ ሮዛሊንም የመጀመሪያ ልጅ እንደመሆናቸው በስፌቱም፣ በቤት ሥራውም፣ ታናናሾቻቸውን በመንከባከቡም የእናታቸው ቀኝ እጅ ሆኑ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሕመም በአንድ ቤት ውስጥ ሲገባ የሚያዳክመው በሽተኛውን ብቻ እንዳልሆነ፣ ሌላውን ሁሉ ከልጅነቱ፣ ከትምህርቱና ከዕንቅልፉ እንደሚቀንስበት ሮዛሊን ያወቁት በዚያ ዕድሜያቸው ነው። ለአባታቸው ኮሌጅ እጨርሳለሁ ብለው ቃል ገብተው ስለነበር፣ ካርተር መጀመሪያ የጋብቻ ጥያቄ ባቀረቡላቸው ጊዜ እምቢ አሉ። በሁለተኛው ጥያቄ እሺ ብለው ጁላይ 7 ቀን 1946 በፕሌይንስ ተጋቡ፤ ካርተር ያን ጊዜ ከባሕር ኃይል አካዳሚ ገና መመረቃቸው ነበር።

የካርተር ቤትም ቢሆን ከሕመም የራቀ አልነበረም። አባታቸው በ1953 በቆሽት ካንሰር ሞቱ፤ በኋላ ደግሞ ሁለት እህቶቻቸውና ወንድማቸው፣ ማለትም ከእርሳቸው በቀር የወላጆቻቸው ልጆች በሙሉ፣ በዚያው በሽታ አለቁ። ሁለቱም የሞት አልጋን ከሩቅ የሚያውቁ ሰዎች አልነበሩም።

ቅሬታው

የካርተር አባት ሞት በትዳሩ ውስጥ የመጀመሪያውን ትልቅ ቁስል ፈጠረ። ካርተር በባሕር ኃይል ውስጥ ተስፋ የተጣለባቸው የሰርጓጅ መርከብ መኮንን ነበሩ፤ ሮዛሊንም ከትንሿ ከተማ ወጥተው ነጻ ኑሮ መኖር የጀመሩበት፣ የሚወዱት ሕይወት ነበር። ካርተር የአባታቸውን እርሻና ንግድ ለመረከብ ሥራቸውን ሲለቁ ሚስታቸውን አላማከሩም። ወሰኑ፤ ከዚያ ነገሯቸው። ሮዛሊን አልቅሰው ተቃወሙ፤ ወደ ፕሌይንስ በተደረገው ጉዞም ባልና ሚስቱ እንደ ተኮራረፉ ነበሩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1962 ተመሳሳይ ነገር ተደገመ። ካርተር በ38ኛ የልደት ቀናቸው ማለዳ የሥራ ልብሳቸውን ትተው የክት ሱሪያቸውን ለበሱ፤ ሮዛሊን ለቅሶ ሊሄዱ እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ለግዛቱ ሴኔት ለመወዳደር ሊመዘገቡ መሆኑን ነገሯቸው። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ሚስታቸውን ሳያማክሩ መወሰናቸውን ካርተር በስተርጅና እያስታወሱ ራሳቸው ይገረሙበት ነበር።

ይህንን ሁሉ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰባ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ሲታዩ መጀመሪያም የተስማሙ ይመስላሉ። እነዚህ ግን አልነበሩም፤ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ውስጥ አንዱ አዛዥ ሌላው ታዛዥ የሆነበት፣ በዘመኑ የተለመደው ዓይነት ትዳር ነበር። የለወጠው የቤተሰቡ የኦቾሎኒ ንግድ መጋዘን ነው። ሮዛሊን በመጀመሪያ ስልክ ለማንሳት፣ ከዚያም የሒሳብ መዝገብ ለመያዝ ወደ መጋዘኑ መጡ፤ ሒሳብ አያያዝን ከመጻሕፍት አጥንተው ጥቂት ቆይተው ከንግዱ የትኛው ክፍል እንደሚያተርፍ፣ የትኛው እንደሚያከስር ከባለቤታቸው የተሻለ ዐወቁ። ካርተር ጥያቄ ሲኖራቸው የሚጠይቁት እርሳቸውን ሆነ። ባል ሚስቱን እኩያ አድርጎ ማየት የጀመረው ስለ እኩልነት ሰምቶ ሳይሆን መዝገቡን ገልጣ ትክክለኛውን ቁጥር ስለ ነገረችው ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ በዋይት ሐውስ ሳምንታዊ የሥራ ምሳቸውና ሮዛሊን በካቢኔ ስብሰባ መገኘታቸው ጭምር፣ የዚያ መጋዘን ቀጣይ ነው።

በ1980 ምርጫ ተሸንፈው ወደ ፕሌይንስ ሲመለሱ ዕዳ ውስጥ የገባ ንግድና ብዙ ሐዘን ጠበቃቸው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አብረው አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ ተነሥተው ትዳሩ ሊፈርስ እንደ ደረሰ ሁለቱም ተናግረዋል። አንዱ ያስታወሰውን ሌላው እንዲህ አልነበረም ይላል፤ አንዱ በፍጥነት ይጽፋል፣ ሌላዋ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር አድክማ ታወጣና እንዲነካባት አትፈልግም። መፍትሔው ያልተስማሙበትን አንቀጽ እያንዳንዳቸው በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ምልክት እያደረጉ ለየብቻ ማስቀመጥ ሆነ። እኔ ይህን በጣም ቁም ነገር ያለው ሆኖ አገኘዋለሁ፤ አለመስማማታቸውን ሳይደብቁ፣ አንዱ የሌላውን ትውስታ ሳይሰርዝ አብሮ መቆየት የሚቻልበትን መንገድ አገኙ። ትውስታ ራሱ በሚከዳበት ዕድሜ ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚጠቅም መገመት አያዳግትም።

በ2021 ሰባ አምስተኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ምሥጢሩን ለጠየቋቸው ጋዜጠኞች የሰጡት መልስም ከዚህ ይመነጫል። ሮዛሊን እያንዳንዱ ለራሱ የሚሆን ቦታ ሊኖረው እንደሚገባ ተናገሩ፤ ካርተር ደግሞ ልዩነት ይዘው ወደ መኝታ እንደማይሄዱ፣ በየቀኑ መታረቅ እንደሚያስፈልግ ገለጹ። ማታ ማታ መጽሐፍ ቅዱስን በስፓኒሽ ቋንቋ ተራ በተራ ያነቡ ነበር፤ ቋንቋውን ላለመርሳት የጀመሩት ይህ ልማድ ቀኑን ሁሉ የቆየ ኩርፊያ ቢኖር እንኳ በአንድ ቦታ የሚያገናኛቸው ሥርዓት ሆነ። ስልሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በበረዶ ላይ መንሸራተትን አብረው ተማሩ፤ ዓሣ ማጥመድና ወፎችን መመልከትም ጨመሩበት። አንዱ ብቻውን የሚያረጅበትን መንገድ በየጊዜው እየዘጉ ነበር ማለት ይቻላል።

የአስታማሚዎች ጠበቃ

ካርተር ለጆርጂያ አገረ ገዥነት በሚወዳደሩበት ጊዜ ሮዛሊን ከንጋቱ በፊት በአንድ የጥጥ ፋብሪካ በር ላይ ቆመው የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው የሚወጡ ሠራተኞችን ያነጋግሩ ነበር። አንዲት ደክሟት የወጣች፣ ብናኝ ጥጥ በፀጉሯ ላይ የቀረባት ሴት፣ ቤት ስትደርስ የምታርፍ እንዳልሆነ፣ የአእምሮ ሕመም ያለባት ልጅ እንዳለቻትና ቀን ቀን እርሷን እንደምትጠብቅ ነገረቻቸው። በዚያው ዕለት ካርተር በሌላ ቦታ የሕዝብ እጅ ሲጨብጡ ሮዛሊን እንደ ማንኛውም ሰው ተሰልፈው ደረሱ፤ ካርተር ማንነታቸውን ሳያዩ እጃቸውን ጨበጡ። ሮዛሊንም አገረ ገዥ ሲሆኑ ለአእምሮ ሕሙማን ምን እንደሚያደርጉ ለመጠየቅ መምጣታቸውን ነገሯቸው። ሥራው የሮዛሊን የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነ፤ ባለቤታቸው ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የአእምሮ ጤና ኮሚሽን የክብር ሰብሳቢ ነበሩ፤ በ1980 የወጣው የአእምሮ ጤና ሕግም ከዚያ የመነጨ ነው።

በ1987 ደግሞ በትውልድ አካባቢያቸው በሚገኘው በጆርጂያ ሳውዝዌስተርን ኮሌጅ ለአስታማሚዎች የሚቆም ተቋም አቋቋሙ። ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው እንደ ሰሙት እየጠቀሱ ደጋግመው የሚናገሩት ነገር ነበር፤ በዓለም ላይ ያሉት ሰዎች አራት ዓይነት ናቸው፦ ሲያስታምሙ የነበሩ፣ አሁን የሚያስታምሙ፣ ወደፊት የሚያስታምሙ፣ እና አስታማሚ የሚያስፈልጋቸው። በዚህ ንግግር ውስጥ አስታማሚ መሆንና አስታማሚ መፈለግ የተለያዩ ሰዎች ዕጣ አይደለም፤ አንዱ ሰው በተራ የሚያልፍበት ነው። ሮዛሊን በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ሁለተኛውን ዓይነት ሆነው፣ በ95 ዓመታቸው የመጨረሻውን ሆኑ።

በእኛ ዘንድ ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ አነጋገር የትዳር ጓደኛ የሚሸከመውን ሸክም እንዳናይ ያደርገናል። ሌሊት ሦስት ጊዜ የሚነሣው፣ መድኃኒት የሚቆጥረው፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ለአሥረኛ ጊዜ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ልጅ ሳይሆን ራሱ ጉልበቱ የደከመው ውሃ አጣጭ ነው። ሮዛሊን ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲናገሩለት የኖሩት ይህ የማይታይ ሰው ነው።

የሕመሙ አመጣጥ

በኦገስት 2015 ካርተር፣ ያን ጊዜ 90 ዓመታቸው፣ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ወደ ጉበታቸውና ወደ አንጎላቸው መዛመቱን በአትላንታ በሰጡት መግለጫ በእርጋታ ተናገሩ። የጉበታቸው ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ አንጎላቸው ላይ ለታዩት አራት ትንንሽ ነጥቦች የጨረር ሕክምና ተደረገላቸው፤ ከዚህም ጋር የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያነቃቃ ፔምብሮሊዙማብ የተባለ በዘመኑ አዲስ የነበረ መድኃኒት ወሰዱ። በዲሴምበር የካንሰሩ ምልክት እንደማይታይ ተነገራቸው። በዚያ የኦገስት መግለጫ ላይ በሕይወታቸው ስለሚደሰቱበት ነገር ሲጠየቁ፣ ፕሬዚዳንትነቱንም፣ የኖቤል የሰላም ሽልማቱንም ሳያስቀድሙ ሮዛሊንን ማግባታቸው ካደረጉት ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን መለሱ።

2019 የመውደቅ ዓመት ነበር። በሜይ የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። በኦክቶበር መጀመሪያ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ከቅንድባቸው በላይ አሥራ አራት ስፌት ተሰፉ፤ ከሮዛሊን ጋር ወደ ናሽቪል ሄደው ለድሆች ቤት በሚሠራው የሃቢታት ዘመቻ ላይ ዓይናቸው ጠቁሮ ተገኙ። በዚያው ወር እንደገና ወደቁ፤ በኖቬምበር ደግሞ በመውደቁ ሳቢያ አንጎላቸው ላይ የተጠራቀመውን ደም ለማስወጣት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከዚያ በኋላ ለሕዝብ የሚታዩበት ጊዜ እየቀነሰ ሄደ። ሁለቱ በ1961 በሠሩት፣ ባለ ሁለት መኝታ ክፍል በሆነው ቤታቸው ውስጥ ዋሉ።

በፌብሩዋሪ 2023 የተወሰነው ውሳኔ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት ያስፈልጋል። ሆስፒስ ማለት በሽታውን ለማዳን የሚደረገው ትግል ቆሞ ሕመምን ማስታገስ፣ ትንፋሽን ማቅለል፣ በሽተኛውን በንጽሕናና በክብር መያዝ ዋና ሥራ የሚሆንበት እንክብካቤ ነው። በአሜሪካ ለዚህ የሚመዘገብ ሰው በሽታው በተለመደው መንገድ ከሄደ ከስድስት ወር በላይ እንደማይኖር በሐኪም መመስከር አለበት፤ ብዙዎች ግን ዘግይተው ስለሚገቡ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያርፋሉ። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ተመሳሳይ አገልግሎት በየቤቱ እየሄደ ይሰጣል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ውሳኔ ተስፋ እንደ መቁረጥ ያየዋል፤ የሚወዱትን ሰው ለሞት አሳልፎ እንደ መስጠትም ይቆጥረዋል። የካርተር ጉዳይ ለዚህ ፍርሃት ጥሩ መልስ ነው፤ በቀናት ይቆጠራል የተባለው ዕድሜ ሃያ ሁለት ወር ሆነ። ዕድሜው የረዘመው በሆስፒስ ምክንያት ነው ማለቴ አይደለም፤ የውሳኔው ዋጋ ግን በርዝመቱ አይለካም። ዋጋው ያለው ካርተር ሆስፒታል ቢተኙ ኖሮ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ባለቤታቸው ሰባ ሰባት ዓመት አብሯቸው የኖረው ሰው በሌለበት ክፍል እንዲነቁ ይገደዱ የነበረ በመሆኑ ላይ ነው። የሚያስታውሱት ነገር የሚከዳቸው ሰዎች ከሚታወቅ ቤት፣ ከሚታወቅ ድምፅና ከሚታወቅ የቀን ሥርዓት ሲለዩ ግራ መጋባታቸው እንደሚብስ አስታማሚዎች ሁሉ ያውቃሉ። የባል ቤት መቅረት ለሚስት ሕክምና ነበር፤ እንዲህም ሆኖ ካርተር ከአልጋቸው ሆነው ሚስታቸውን እያስታመሙ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሜይ 30ው መግለጫ

የሮዛሊን ሕመም ይፋ የሆነበት መግለጫ አጭር ነው። ከባለቤታቸው ጋር በቤታቸው በደስታ እየኖሩ፣ የፕሌይንስን ጸደይና የሚወዷቸውን ሰዎች ጉብኝት እያጣጣሙ መሆናቸውን ይገልጻል። ቀጥሎም መገለልን መፍራት ሰዎች እርዳታ እንዳይፈልጉ እንደሚያደርግ ሮዛሊን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ተረድተውት እንደነበር ያስታውሳል፤ ቤተሰቡ ዜናውን ያካፈለውም በየማዕዱና በየሐኪሙ ክፍል ስለ ጉዳዩ መነጋገር እንዲበረታ መሆኑን ይናገራል።

ከሁሉም በላይ የተነካሁት በዚህ ነው። በእኛ ዘንድ አንድ አባት መንገድ ሲጠፋባቸው ወይም አንዲት እናት የልጃቸውን ስም ሲረሱ «እርጅና ነው» ብሎ መተው፣ አለዚያም እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ማስገባት የተለመደ ነው። የሚደረገው ከክብር የተነሣ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰው የወላጁን ደካማ ገጽ ለሌላ ማሳየት አይፈልግም። ነገር ግን መሸሸጉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው አስታማሚውን ነው፤ ማንም ስላላየ ማንም አያግዘውም። በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን በየቤቱና በየአረጋውያን መጦሪያው የሌሎችን እናቶችና አባቶች ሲያስታምሙ ይውላሉ፤ ሙያውን ያውቁታል፤ የራሳቸው ወላጅ በተመሳሳይ በሽታ ሲያዝ ግን ዝምታው የዚያኑ ያህል ከባድ ይሆናል። የካርተር ቤተሰብ ሮዛሊንን ለሕዝብ የገለጣቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ በቆሙለት ዓላማ ስም ነው፤ ገና በሕይወት እያሉ፣ ሰው ሊጠይቃቸው በሚችልበት ጊዜ። ከሕመማቸው አልፎ ማን እንደ ሆኑ የሚያስታውስ መግለጫ ነበር።

በሴፕቴምበር 23 ቀን 2023 ሁለቱ በመኪና ተቀምጠው በፕሌይንስ የኦቾሎኒ በዓል ላይ በመንገዱ አለፉ፤ ሕዝቡ ዳር ቆሞ ሰላም አላቸው። ካርተር 99ኛ ዓመታቸውን ሊይዙ ጥቂት ቀን ቀርቷቸው ነበር። በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰውና የምታስታውሰው እየጠፋባት ያለች ሚስቱ በበዓል ቀን ወደ አደባባይ መውጣታቸው የቤተሰቡ ሁሉ ውሳኔ ውጤት ነው፤ እኔም ትክክለኛ ውሳኔ ነበር እላለሁ።

የጉዳዩ ወሰን

ይህ ጉዳይ ለማንኛውም ቤተሰብ እንዲሁ የሚገለበጥ አይደለም። ካርተር የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጡረታ፣ የዕድሜ ልክ ጥበቃ፣ ከፍተኛ ሐኪሞችና በቅርብ ያሉ ልጆች፣ የልጅ ልጆችና ረዳቶች ነበሯቸው። ሆስፒስ ነርስ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ይልካል እንጂ ሌሊቱን አያድርም፤ ቀሪው ሁሉ በቤተሰብ ትከሻ ላይ ያርፋል። አንድ ልጃቸው ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ሌላው በሩቅ አገር ያለ አረጋውያን ባልና ሚስት ሁለቱም ቢታመሙ እቤት መቆየት ፍቅር ስላላቸው ብቻ አይቻላቸውም። ሮዛሊን ያቋቋሙት ተቋም ለአስታማሚ የሚከፈል እገዛና የዕረፍት ጊዜ እንዲኖር የሚከራከረውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ወላጆቹን ወደ መጦሪያ ለማስገባት የተገደደ ልጅ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ አንብቦ ራሱን እንዲኮንን አልፈልግም።

ገንዘብ የማይገዛው ክፍል ግን አለ። ሀብትና ሥልጣን ኖሯቸው በስተርጅና በየክፍላቸው ተለያይተው የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። የተጠራቀመው ልማድ፣ ማለትም ከመኝታ በፊት መታረቁ፣ የሌላውን ቃል ለየብቻ ማስቀመጡና ሌላውን ጠይቆ መወሰኑ፣ በጉልበት ዘመን ካልተሠራ በአልጋ ላይ አይሠራም።

ከሮዛሊን በኋላ

ሮዛሊን ኖቬምበር 17 ወደ ሆስፒስ እንክብካቤ ገቡ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በቤታቸው፣ ቤተሰባቸው በአጠገባቸው እያለ ዐረፉ። ካርተር በሰጡት አጭር መግለጫ ሮዛሊን ባከናወኑት ሁሉ እኩል አጋራቸው እንደነበሩ ከገለጹ በኋላ፣ «ሮዛሊን በዓለም ላይ እስካለች ድረስ የሚወደኝና የሚደግፈኝ ሰው እንዳለ ሁልጊዜ አውቅ ነበር» አሉ። በመጋዘኑ መዝገብ የተጀመረው እኩያነት በዚህ መግለጫ ውስጥ የመጀመሪያውን ቦታ መያዙን ልብ ይሏል።

ኖቬምበር 28 በአትላንታ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ግሌን ሜሞሪያል ቤተ ክርስቲያን የመታሰቢያ ሥርዓት ሲደረግ ካርተር ከፕሌይንስ ተጉዘው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ የሮዛሊን ምስል ያለበት ብርድ ልብስ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። የ99 ዓመት ሰው፣ ከሆስፒስ አልጋ ተነሥቶ፣ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ። በሕክምና ዓይን ሲታይ ጉዞው አደጋ ነበረው፤ በቦታው መገኘቱን ግን የሚተካው ነገር አልነበረም። አባቷ መናገር ስላልቻሉ ልጃቸው ኤሚ ከሰባ አምስት ዓመት በፊት በባሕር ኃይል ሳሉ ለሚስታቸው ከጻፉት ደብዳቤ አነበበች፤ በተለያዩ ቁጥር እንደሚያስታውሳት ያህል ውብ ልትሆን አትችልም ብለው ራሳቸውን ለማሳመን እንደሚሞክሩ፣ ሲመለሱ ግን እንደገና በፍቅር እንደሚወድቁ የሚናገር ደብዳቤ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለነበሩት አሥራ ሦስት ወራት የሚነገረው ጥቂት ነው። ካርተር በዚያው ቤት፣ በልጆቻቸውና በአስታማሚዎች እጅ ቆዩ። በኦክቶበር 2024 መቶ ዓመት ሞላቸው፤ በዚያው ወር በፖስታ ድምፅ ሰጡ። ብዙዎች የትዳር ጓደኛቸው ካረፈ በኋላ ወዲያው እንደሚከተሉ ጠብቀው ነበር፤ እንዲህ አልሆነም፤ ይህም ፍቅራቸውን አያሳንስም። ሐዘን በአንዳንዱ ሰው ላይ ፈጥኖ ይሠራል፤ ሌላው ተሸክሞት ይቆያል።

ጃንዋሪ 9 ቀን 2025 በዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል መንግሥታዊ የቀብር ሥርዓት ከተደረገላቸው በኋላ አስከሬናቸው በዚያው ዕለት ወደ ፕሌይንስ ተወስዶ በቤታቸው ግቢ ከሮዛሊን አጠገብ ተቀበረ። ፕሬዚዳንት እንደመሆናቸው በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ማረፍ ይችሉ ነበር። ሁለቱ ግን የሚቀበሩበትን ቦታ ከብዙ ዓመት በፊት መርጠው በይፋ ተናግረው ነበር፤ ቤቱም ከእነርሱ በኋላ ለብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ተሰጥቶ ለጎብኚ እንዲውል ወስነዋል። በመሆኑም ልጆቻቸው ስለ ቦታውም ሆነ ስለ ቤቱ በሐዘን መካከል ሊከራከሩበት የሚገባ ጥያቄ አልቀረላቸውም።